«የት ላቁመው?» የሞተር ብስክሌት ማቆሚያና የመንገድ ዳር ድርሻ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



በዚህ ዝናባማ ምሽት ቤታችሁን ትታችሁ ስለ ፓርኪንግ ለመስማት በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ርእሱ ሲታይ ትንሽ ነው። መርሐ ግብሩን ለሚያዘጋጁት ባልደረባዬ በስልክ ስነግራቸው ለአፍታ ዝም ብለው፣ «ዶክተር፣ ስለ ሞተር ማቆሚያ ብቻ ሰዓቱ ይሞላል?» አሉኝ። ይሞላል አልኋቸው። ትንሽ ከሚመስል ጉዳይ በታች ብዙ ጊዜ ትልቅ የፍትሕ ጥያቄ ይገኛልና።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሃያ ሁለት አካባቢ ጉዳይ ነበረኝና የማቆሚያ ቦታ ፍለጋ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርሁት። በሦስተኛው ዙር፣ በመንገዱ ዳር በነጭ ቀለም ከተሰመሩት ቦታዎች አንዱ ክፍት መስሎ ታየኝ። ስጠጋ ግን መኻል ለመኻሉ አንድ ሞተር ቆሞበታል፤ ከኋላው የዕቃ ሣጥን የተጫነበት፣ የዲሊቨሪ ሞተር ነው። ከጎኑና ከጎኑ ባዶ ቦታ አለ፤ የእኔ መኪና ግን በአንዱም በኩል አትገባም። ተናደድሁ። የፓርኪንግ ሠራተኛው ልጅ ፊቴን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ላንሣልዎት?» አለኝ። «አንሣው እንጂ!» አልሁት። ጓደኛውን ጠራና ሞተሩን በሁለት በኩል ይዘው የእግረኛው መንገድ ላይ አወጡት። እኔም መኪናዬን አቆምሁ።

ደረሰኜን እየተቀበልሁ ሳለ አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት በነጭ በትራቸው መሬቱን እየፈተሹ በእግረኛው መንገድ መጡ። በትራቸው የሞተሩን ጎማ መታ። ቆሙ፤ በእጃቸው ዳሰሱት። በአንድ በኩል የሱቅ ደረጃ አለ፤ በሌላው በኩል አስፋልቱ ነው። ወደ አስፋልቱ ወረዱ። የታክሲ ጡሩምባ ጮኸ። ልጁ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘና «አባቴ፣ በዚህ በኩል ይምጡ» አላቸው። እርሳቸውም ያለ አንዳች ቁጣ፣ «ልጄ፣ ትናንት እኮ እዚህ ጋ መንገድ ነበረ» አሉት።

ጥቂት ቆይቶ የሞተሩ ባለቤት ከሕንፃው ወጣ። ሞተሩን ካቆመበት ሲያጣው ደነገጠ፤ ሲያገኘው ደግሞ አንደኛው ስፖኪዮ ተጣሞ ነበር። እኔም ይቅርታ ልጠይቀው ሲገባኝ፣ «አንተስ የመኪና ቦታ መኻል ለምን ታቆማለህ?» አልሁት። ልጁ አልተቆጣም። ግራና ቀኙን አየና፣ «ጋሼ፣ የት ላቁመው?» አለኝ።

ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ከተማና ስለ መንገድ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ለዚያ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ያ የዘገየው መልስ ነው።

ቦታው በማን ቁመት ተለካ?

ከስሌቱ እንነሣ። ከመንገድ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚሰመር የመኪና ማቆሚያ፣ እንደየአገሩ ደንብ ጥቂት ቢለያይም፣ ርዝመቱ 5.5 ሜትር፣ ወርዱ ከ2 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። አንድ መካከለኛ ሞተር ብስክሌት ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል፣ ስፋቱ ከአንዱ የመሪ እጀታ እስከ ሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሞተሩ ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙሮ ቢቆም ከመኪናው መስመር አይወጣም። ነጂው የሚወርድበትን ክፍተት ጨምረን ለእያንዳንዱ 1.1 ሜትር ብንሰጥ፣ በአንድ መኪና ቦታ 5 ሞተሮች ይቆማሉ።

አሁን ወደዚያች የሃያ ሁለት ቦታ እንመለስ። ሞተሩ መኻል ላይ በመቆሙ ከ5.5 ሜትሩ 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወሰደ። የቀረው 4.7 ሜትር ግን ለሁለት ተከፍሎ በየጎኑ 2.35 ሜትር ሆነ፤ በ2.35 ሜትር የሚቆም መኪና ደግሞ የለም። ሞተሩ ከቦታው አንድ ጫፍ ተጠግቶ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ያው 4.7 ሜትር በአንድነት ይተርፍ ነበር፤ ርዝመቷ ከ4 ሜትር በታች የሆነ ቪትዝን የመሰለች መኪናም፣ አሽከርካሪዋ ከተጠነቀቀ፣ ትገባበት ነበር። የጠፋው ቦታ በሞተሩ ግዝፈት የጠፋ አይደለም። የጠፋው ሥርዓት ባለመኖሩ ነው። ልጁ መኻል የቆመው ደግሞ ከስንፍና አልነበረም፤ ጫፍ ላይ ያቆመ ሞተር ወደ ኋላ በሚያፈገፍግ መኪና እንደሚወድቅ ከልምዱ ስለሚያውቅ ነው።

ይህ መለኪያ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ ታሪኩ አጭር ነው። የመጀመሪያው የፓርኪንግ ሒሳብ መቀበያ ማሽን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1935 በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ ጎዳና ላይ ተተከለ። ነጋዴዎች፣ መኪኖች ቀኑን ሙሉ እየቆሙ ገበያተኛ መቆሚያ አጣ ብለው በማማረራቸው የመጣ መፍትሔ ነበር። አንድ ማሽን፣ አንድ የሳንቲም ማስገቢያ፣ አንድ የተሰመረ ቦታ፣ አንድ መኪና። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የመንገድ ዳር የሚቆጠረው በመኪና ሆነ። በጥራጥሬ ገበያ ቁና ብቻ እንጂ ጣሳ የሌለ ያህል ነው፤ ትንሽ የፈለገ ሰው ወይ ሙሉ ቁና ይገዛል፣ ወይም ባዶ እጁን ይመለሳል።

አብሮ መቆም ለምን ያጣላል?

«እንግዲያውስ ሞተርና መኪና በአንድ ቦታ ተደራርበው ይቁሙ፤ ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። በወረቀት ላይ ችግር የለውም። በመንገድ ላይ ግን አራት ችግሮች አሉበት።

አንደኛው የእይታ ነው። ወደ ኋላ የሚመለስ አሽከርካሪ በመስተዋቱ መኪናን ያያል፤ ከመኪናው የኋላ መስኮት በታች የምትውለውን ዝቅተኛ ሞተር ግን ብዙ ጊዜ አያያትም። ሞተር ደግሞ በአንድ ቀጭን የጎን መቆሚያ ላይ የተደገፈ ነገር ነው። ለመኪና ጭረት የማይሆን ንክኪ ሞተርን ይጥላል።

ሁለተኛው የሒሳብ ነው። አንድ ቦታ ላይ አምስት ሞተሮች ቢቆሙ ክፍያው የማን ነው? ሠራተኛው ከእያንዳንዳቸው ሙሉ ሒሳብ ቢቀበል ከአንድ ቦታ አምስት እጥፍ ይሰበስባል፤ ከመጀመሪያው ብቻ ቢቀበል የቀሩት በነጻ ይቆማሉ። የወረቀት ደረሰኝም በመኪና መስታወት ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በሞተር ላይ የሚቀመጥበት ቦታ የለም፤ ወይ ነፋስ ይወስደዋል ወይ ዝናብ ያበሰብሰዋል።

ሦስተኛው የመጨረሻው ሞተር ችግር ነው። አምስት ሆነው የቆሙ ሞተሮች አንድ ላይ አይሄዱም። አራቱ ሲሄዱ መኻል ላይ የቀረው አንዱ ሙሉውን ቦታ ይዞ ይውላል። መኪና ከሄደ ቦታው ይለቀቃል፤ በጋራ በተያዘ ቦታ ግን ቦታው የሚለቀቀው የመጨረሻው ሲሄድ ብቻ ነው።

አራተኛው፣ በእኔ ላይ የደረሰው፣ ወይም እኔ ያደረስሁት፣ የማንሣት ፈተና ነው። መኪናን ማንም በእጁ አንሥቶ አያዛውርም። ሞተርን ግን ሁለት ጎረምሶች በአንድ ደቂቃ ያዛውሩታል። ስለዚህ በመኪናና በሞተር መካከል በሚነሣ ሙግት ሁልጊዜ የሚሸነፈው ሞተሩ ነው፤ የሚጣልበት ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ የእግረኛው መንገድ ነው። ይህን ነጥብ በአደራ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ሁለቱ ባለ ሞተሮች ተጣሉ፤ ቅጣቱን የከፈሉት ግን በሙግቱ ያልነበሩት ዓይነ ስውሩ አዛውንት ናቸው።

ሌሎች ከተሞች ምን አደረጉ?

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የተሽከርካሪ ሕግ ለመኪናና ለሞተር የተለያየ የአቋቋም ሥርዓት ይደነግጋል። መኪና ከጠርዙ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቁም ሲል፣ ለሞተር ግን ቢያንስ አንድ ጎማው ወይም የጭቃ መከላከያው የቀኙን ጠርዝ ይንካ ይላል። በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሞተሩ ወደ ጎን ዞሮ እንዲቆምና ቦታ እንዲቆጥብ ሕጋዊ በር ተከፈተለት። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ከዚህ አልፋ፣ ለሞተር ብቻ የተሰመሩ፣ ዋጋቸው ከመኪና ያነሰ ቦታዎች አሏት።

በለንደን የዌስትሚንስተር አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 በሞተር ማቆሚያዎች ላይ ክፍያ ጀመረ። ነጂዎች በእጅጉ ተቃወሙ። በሰልፍ ቀስ ብለው እየነዱ ጎዳናዎችን አጨናነቁ፤ ሙግቱም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ክፍያው ግን ጸና። የነጂዎቹ ቅሬታ መሠረት ነበረው። ወደ ማእከላዊ ለንደን ለሚገባ መኪና የሚከፈለው የመጨናነቅ ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ሞተር ከክፍያው ነጻ ተደርጎ ነበርና፣ አንዱ እጅ «በሞተር ኑ» ሲል ሌላው እጅ «ክፈሉ» ያለ መሰላቸው። ፓሪስም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ ሞተሮችን ማስከፈል ጀመረች፤ ለጎብኚ የተተመነው የሰዓት ዋጋ የመኪናው ግማሽ ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ግን ነጻ ሆኑ።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረን ታይዋን ነው። በዚያች ደሴት ለ23 ሚሊዮን ሕዝብ 14 ሚሊዮን ያህል ሞተሮች አሉ። በታይፔ ከተማ ለብዙ ዓመታት ሞተሮች በእግረኛ መንገድና በሕንፃዎች ሥር ባሉት የጥላ መተላለፊያዎች ይቆሙ ስለ ነበር እግረኛው ማለፊያ አጥቶ ነበር። አስተዳደሩ ሞተሮቹን ደረጃ በደረጃ ከእግረኛው መንገድ አወረደ፤ ነገር ግን «ውጡ» ብቻ አላለም። በአስፋልቱ ዳር ለሞተር የሚሆኑ ትንንሽ ሳጥኖች አሰመረ። ማውረዱና ማስመሩ አብረው የሄዱ ሥራዎች ነበሩ። ትምህርቱም ይህ ነው፤ ቦታ ሳይሰጡ መከልከል፣ ችግሩን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ ማዛወር ብቻ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

እኛ መከልከልን እናውቀዋለን። በ2011 ዓ.ም. መገባደጃ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሞተር የሚፈጸም ወንጀልን ምክንያት አድርጎ፣ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን አገደ። የፀጥታው ሥጋት እውነተኛ እንደ ነበር አልክድም። ነገር ግን ከተማ ያለ ትንንሽ ተሽከርካሪ መኖር አልቻለችምና፣ ሞተር በፈቃድና በመገኛ ጠቋሚ መሣሪያ ታጅቦ ተመለሰ። ዛሬ ምሳችንን፣ መድኃኒታችንን፣ ሰነዳችንን የሚያደርስልን እርሱ ነው። እንዲንቀሳቀስ ፈቀድንለት፤ እንዲቆም ግን አልፈቀድንለትም። ለሥራው ፈቃድ፣ ለሰሌዳው ምዝገባ፣ ለጉዞው መከታተያ አለው። የሌለው አንድ ነገር ቢኖር ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መሬት ነው።

በሌላ በኩል፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ የከተማችን ጎዳናዎች እንደ ገና ተሠርተዋል። የእግረኛ መንገዶች ሰፍተዋል፤ የብስክሌት መስመሮች ተሰምረዋል፤ የመኪና ማቆሚያዎችም ተዘጋጅተዋል። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ትልቁ ድርሻ የእግር ጉዞ ነው፤ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ የሰፋው የእግረኛ መንገድ ለጌጥ የተነጠፈ አይደለም፤ ሕይወት የሚያተርፍ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ሀብት አፍስሰን ያሰፋነውን መንገድ ማቆሚያ ያጣ ሞተር ቢያጠብበው፣ ድካማችንን በራሳችን እጅ መልሰን ማፍረሳችን አይደለምን?

ምን ይደረግ?

የማቀርባቸው ሐሳቦች አራት ናቸው፤ አንዳቸውም ትልቅ በጀት አይጠይቁም።

መጀመሪያ፣ ለሞተር የተለየ ቦታ ይሰመር፤ ትንሽ ይሁን፣ ግን ይደጋገም። ዕቃ አድራሽ ወጣት ትእዛዙ በእጁ እየቀዘቀዘ ሩቅ ከሚገኝ ሰፊ ማቆሚያ በእግሩ አይመለስም። በየሕንፃው መደዳ አንድ የመኪና ቦታ ወደ 5 የሞተር ቦታ ቢለወጥ ከአንድ ትልቅ ማቆሚያ ይልቅ ይጠቅማል። ከዚያም በፊት ለመኪና የማይበቁትን ቁርጥራጭ ቦታዎች እንፈልግ። በሁለት የግቢ መግቢያዎች መካከል የምትተርፍ 3 ሜትር፣ ከመብራት ምሰሶ እስከ ዛፍ ያለች 2 ሜትር ተኩል ለመኪና ከንቱ ናት፤ ለሁለት ለሦስት ሞተር ግን ትበቃለች። ከዜብራ አጠገብ ያለው ቦታ ግን ለማንም ይከልከል። የቆመ ሞተርም ቢሆን ትንሽ ልጅን ከአሽከርካሪ ዓይን ይሸፍናልና።

ሁለተኛ፣ የአቋቋም ሥርዓት ይወጣ። የኋላ ጎማ ወደ ጠርዙ፣ ፊት ወደ መንገዱ። ለዚህ ምክንያት አለኝ። አስፋልት የዝናብ ውኃ ወደ ዳር እንዲወርድ መኻሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ የኋላ ጎማው ጠርዙን የነካ ሞተር ፊቱ ወደ ዳገት ነው፤ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጠርዙ ያግደዋል፤ ወደ ፊት እንዳይሄድ ዳገቱ ይይዘዋል። ፊቱን ወደ ጠርዙ አድርጎ የቆመ ሞተር ግን ቁልቁል ያዘቀዘቀ ነው። ጥቂት ሲነካ ወደ ፊት ይንፏቀቅና የጎን መቆሚያው ይታጠፍበታል፤ ሲወጣም ነጂው ወደ ኋላ እየገፋ፣ የሚመጣውን መኪና ሳያይ ወደ አስፋልቱ ይገባል። አዲስ አበባን በመሰለች ዳገታማ ከተማ በአንደኛ ማርሽ ማቆምም ሊዘነጋ አይገባም። ለሞተር የተለየ ቦታ በሌለበትና ከመኪና ጋር መጋራት ግድ በሚሆንበት ጎዳና ደግሞ ሞተሩ ከቦታው ጫፍ ይጠጋ፤ ያም ጫፍ በቀለም ይለይ፤ አሽከርካሪው ሞተር ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ እንዲያውቅ።

ሦስተኛ፣ ክፍያው በተያዘው መሬት ልክ ይሁን። በፓርኪንግ ጥናት ስማቸው የገነነው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ስለ ነጻ ፓርኪንግ ውድነት በሚናገረው መጽሐፋቸው፣ ነጻ የሚባል ማቆሚያ እንደሌለና ያልከፈለው ሰው ዕዳ ወደ ሌላው እንደሚዞር አስተምረዋል። ስለዚህ ሞተር በነጻ ይቁም አልልም። የመኪናውን አንድ አምስተኛ ይክፈል እላለሁ። አንዳንድ ወጣቶች የሚተዳደሩት በፓርኪንግ ማኅበር ነው፤ «ገቢያችን ይቀንሳል» ቢሉ ሥጋታቸውን እረዳለሁ። ነገር ግን አምስት አንድ አምስተኛ አንድ ሙሉ ነው፤ ቦታው ከሞላ ገቢያቸው አይጎድልም። ደረሰኙንም በሰሌዳ ቁጥር በስልክ መመዝገብ ይቻላል።

አራተኛ፣ የሰውን ሞተር ያለ ባለቤቱ ማንሣት ይከልከል፤ በእግረኛ መንገድ ላይ ማውጣት ደግሞ ጨርሶ ይከልከል። ሥርዓት ያፈረሰ ሞተር ቢኖር ቅጣቱ በሰሌዳው ላይ ይጻፍ።

«ማቆሚያ ብታበዙለት ሞተሩ ይበዛል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ክርክሩን አልንቀውም፤ ለመኪናም የሚሠራ ክርክር ነውና። ብዛቱን መወሰን የፈቃድ ሰጪው አካል ሥልጣን ነው። ፈቃድ ሰጥተን፣ ቀረጥ ተቀብለን፣ በኋላ ግን መቆሚያ በመንሣት በስውር መቅጣት ከመንግሥት አሠራርም ከሰውነት ወግም አይደለም። ስለ ፀጥታ የሚሠጉም አሉ። በየጥጉና በየደረጃው ሥር ተሸሽጎ ከሚቆም ሞተር ይልቅ፣ ሠራተኛ በሚጠብቀውና በተሰመረ ቦታ የቆመው ለሕግ ዓይን የቀረበ ነው፤ ለሌባ ደግሞ የራቀ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

የመንገድ ዳር እንደ አባቶቻችን የግጦሽ መሬት የወል ሀብት ነው። የወል ሀብት የሚበላሸው ሁሉ ስለሚጠቀምበት አይደለም፤ የየአንዳንዱ ድርሻ ሳይነገር ሲቀር ነው። ድርሻው ባልተነገረበት ቦታ ጉልበት ያለው ይወስዳል፤ ጉልበት የሌለው ወደ ባሰው ደካማ ይገፋል። ያን ቀን እኔ ልጁን ገፋሁት፤ ሞተሩ ሽማግሌውን ገፋቸው፤ ሽማግሌው ወደ ታክሲው ወረዱ። የሰንሰለቱ መጀመሪያ ግን የእኔ እጅ ነበር፤ ያውም ሕጋዊ ደረሰኝ የያዘ እጅ።

ለልጁ የስፖኪዮውን ዋጋ ከፍዬዋለሁ። ሽማግሌውን ግን ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር የሚያቃጭልብኝ ቃላቸው ነው። ወደፊት በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች አንዳችሁ የአንድን ጎዳና ንድፍ ስትሠሩ፣ የመኪናውን ሳጥን ከማስመራችሁ በፊት የልጁን ጥያቄ አስታውሱ፤ ካሰመራችሁም በኋላ የእርሳቸውን ቃል አስታውሱና ንድፉን እንደ ገና ተመልከቱት። ለአንዱ «የት ላቁመው?» መልስ ስንሰጥ ሌላው «እዚህ ጋ መንገድ ነበረ» እንዳይል።